ጉዳት ያጣው ወንድሜ

የዚያ ዓመት በጋ ነፋሱ አላርፍ ብሎ ነበር። ከሰዓት በኋላ ይነሣና የቴኒስ ሜዳውን ቀይ አፈር ከአጥሩ ወዲህ እያፈሰ ያመጣብናል። ቤታችን ከቴኒስ ክለቡ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ነጭ አንሶላ አሰጣለሁ፣ ሳነሣው ሮዝ ሆኖ አገኘዋለሁ። አፈሩ ጥርሳችን ውስጥ ነው፣ ትራሳችን ሥር ነው፣ የስኳር ዕቃው ውስጥ ነው። ደግሞ የኳሱ ድምፅ አለ፤ ጧ ጧ ሲል ይውላል። ከለመዱት አይሰማም። እኛ ቤት የሚሰማው ሲያቆም ነው። ሲያቆም እናቴ ከምትለቅመው ሩዝ ቀና ትልና «ደግሞ ማን ተሰበረ?» ትላለች።

ያን በጋ ሳስበው እስካሁን ደስታና ፍርሃት የተቀላቀለበት ነገር ይሰማኛል። ወጣት ነበርኩ ለማለት አልደፍርም፤ ሰፈሩ ተስፋ ቆርጦብኝ «ቆሞ ቀር» ማለት ከጀመረ ቆይቷል። ግን ሁላችንም አንድ ጣሪያ ሥር ነበርን፤ አባቴ፣ እናቴ፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ። እንዲያ አብረን የምንኖርበት የመጨረሻው በጋ መሆኑን ማን ነግሮን?

አባቴ የክለቡ ሜዳ ጠባቂ ነበር። ጠዋት ትልቁን የብረት በርሜል እየጎተተ መሬቱን ይደለድላል፣ በጎማ ያጠጣል፣ መስመሩን በኖራ ያሰምራል። ወንድሜ ገና በእግሩ ሳይጸና ጀምሮ እዚያ ነው ያደገው። አባቴ ከጣውላ መምቻ ጠርቦ ሰጠው፤ እሱም በጓዳችን ግድግዳ ላይ ኳስ ሲያላትም እየዋለ የእናቴን ድስት ሁሉ ከምስማር ላይ አረገፈው። ሲጎረምስ ክለቡ ወሰደው። ቆይቶ ደመወዝ ቆረጡለት፣ በአውቶቡስም በአውሮፕላንም እየጫኑ ውድድር ለውድድር ያዞሩት ጀመር። «ፕሮፌሽናል ሆነ» አሉን። እናቴ ግን ነገሩ እስከ መጨረሻው አልገባትም።

«ኳስ መምታቱንስ ይምታ፤ ሥራው ምንድን ነው?» ትለኛለች።

«ሥራው እሱ ነው፣ እማዬ።»

«እሱንማ ሥራውን ሲጨርስ ያደርገዋል። ሥራው?»

ስለ ወንድሜ ገላ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ አለዚያ የቀረው አይገባችሁም። አይሰበርም። ልጅ ሆኖ ከጎረቤት ጣሪያ ላይ ወድቆ አቧራውን አራግፎ ተነሣ፤ የተጎዳው የወደቀበት ባልዲ ነው። ጉንፋን እንኳን ሲይዘው አላስታውስም። በዚያ ክለብ ውስጥ ደግሞ ያልተጎዳ ተጫዋች አልነበረም። ትከሻው የወለቀ አለ፣ ጉልበቱ የተቀደደ አለ፣ ወገቡ የተያዘ አለ። ከብዛቱ የተነሣ ማንም በስሙ አይጠራም ነበር፤ በተጎዳበት ቦታ ነው የሚጠራው። «ወገቡ ዛሬ አልመጣም እንዴ?» ይላል አንዱ። «ከጉልበቱ ጋር ቁርስ ሊበላ ሄዷል» ይላል ሌላው። ወንድሜ የተጎዳ ቦታ ስለሌለው የሚጠሩበት አጡና «ብረቱ» አሉት።

የተጎዱት የሚቀመጡበት በረንዳ ነበር። ከሜዳው ፊት ለፊት፣ ጥላ ያለበት፣ ትራስ ያላቸው ወንበሮች የተደረደሩበት። ካርታ ይጫወታሉ፣ ቀዝቃዛ ነገር ይቀርብላቸዋል፣ ደመወዛቸውም አይቋረጥ። ማንም ሰው ከ«ተሻለህ?» በስተቀር ሌላ ነገር አይጠይቃቸውም። እነሱ እዚያ ሲስቁ ወንድሜ ፀሐይ ላይ ሆኖ የሁሉንም ግጥሚያ ይጫወታል፤ ቅዳሜ በትከሻው ፈንታ፣ እሑድ በወገቡ ፈንታ። «እትዬ፣ ከሜዳ ሆኜ ቀና ብዬ ሳያቸው ገነት ይመስሉኛል» ብሎኛል፤ ሲለኝ አልሳቀም።

ሲያሸንፍ የሚሉት «ቀጣዩስ?» ነው። ሲሸነፍ መንገድ አያስኬዱትም። ቲማቲም የምትሸጠው ሴትዮ እንኳን ቲማቲሙን እየመዘነች «ኳሷን ስትወረውራት ዝቅ አደረግካት፣ የኔ ልጅ» ትለዋለች። ፀጉር አስተካካዩ የባሰ ነው። ምላጩን አንገቱ ላይ አሳርፎ ቆም ይልና «እስቲ ንገረኝ፤ ያቺን የመጨረሻዋን መረቡ ላይ ምን አድርግ ብላህ ነው የለጠፍካት?» ይለዋል።

ወንድሜ ማለቅ ጀመረ። ከየጨዋታው በፊት ከሽንት ቤቱ ጀርባ ሄዶ ያስመልሰዋል። እንቅልፍ የለውም። ፀጉሩ ሳንቲም ሳንቲም እያከለ ይረግፋል። ማታ ራት ስንበላ ማንኪያው በእጁ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ሜዳ ላይ ግን ራኬቱን ሲይዝ ያ እጅ ድንጋይ ነው። ችግሩም ይኸው ነበር። አሠልጣኙ ዘንድ ሄደ፤ አሠልጣኙ ፊሽካ ሲነፋ የኖረ፣ ሲያወራም ፊሽካውን ከአፉ የማያወጣ ሰውዬ ነው።

«ጋሼ፣ ደህና አይደለሁም። አልተኛም። ከጨዋታ በፊት ያስመልሰኛል። ልቤ ሊወጣ ይደርሳል።»

«እጅህስ?»

«እጄ ደህና ነው።»

«እግርህስ?»

«ደህና ነው።»

«ታዲያ በሆድህ ነው እንዴ ኳስ የምትመታው? ትፋና ና።»

ወደ ክለቡ ወጌሻ ላኩት። ወጌሻው ከአንገቱ እስከ ተረከዙ ሲደቁሰው ቆይቶ «ይሄን ልጅ ያሸሁበት ጣቴ ነው ያመመኝ» አለ። ሐኪም ዘንድ ላኩት። ሐኪሙ አዳምጦ፣ ደም ወስዶ፣ ፎቶ አንሥቶ ትከሻውን መታ መታ አደረገና «አንተማ መቶ ዓመት ትኖራለህ!» አለው። ወንድሜ እንደ ሕፃን ልጅ ተንሰቀሰቀ። ሐኪሙ የደስታ ዕንባ መስሎት ነርሷን ጠርቶ አሳያት አሉ።

እኔ የፊት ለፊቷ ክፍል ውስጥ ልብስ እሰፋ ነበር። አንድ ረፋድ ገብቶ በሩን ዘጋ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር እለምንሻለሁ። እምቢ እንዳትዪኝ።»

«ቁልፍ መትከል ከሆነ ሸሚዙን እዚያ ጣለው።»

«እግሬን ስበሪልኝ።»

መቀሱን አስቀመጥኩ። «አብደሃል?»

«እንዳላብድ ነው።»

ተቀመጠና ነገረኝ። በዚያው ወር ማብቂያ የክለቦች ውድድር እዚሁ እኛ ሜዳ ላይ ይደረጋል። ክለቡ ያለው እሱን ብቻ ነው። «ያንን ከተጫወትኩ ከዚያ ወዲያ ሰው አልሆንም፣ እትዬ። ይሰማኛል። ደከመኝ ብል አይሰሙኝም። አልጫወትም ብል አባባ እዚያ ሜዳ ላይ በምን ዓይኑ ሰው ያያል? ተጎዳሁ ማለት ብቻ ነው የሚያስኬደው። ለተጎዳ ሰው ሁሉም ያዝናል። እኔ ደግሞ አልጎዳም አልኩ!»

ፊቱን አየሁት። ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ የአባቴ ታላቅ ወንድም መስሏል። ምን ላድርግ? የከሰል ካውያዬን አነሣሁ። ባዶ ነበር፣ ቀዝቃዛ፤ ግን ከባድ ነው፣ የድሮ ካውያ። እሱ ጫማውን አውልቆ እግሩን ወለሉ ላይ ዘረጋ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩና ለቀቅኩት። ካውያው ወለሉን ጓ አደረገው። ዓይኔን ስገልጥ እግር የለም።

«ምነው ሸሸህ?»

«እኔ መች ሸሸሁ! ራሷ ናት የሄደችው!» ብሎ እግሩን በቁጣ አያት። «አርፈሽ ቁሚ!»

ደግመን ሞከርን። ያው ነው። ለካስ ስንት ዓመት ሙሉ የሚመጣን ነገር ሲያይ መንቀሳቀስ ነው የተማረው፤ እግሩ አይሰማውም። በመጨረሻ የልብስ መለኪያ ሜትሬን አወጣሁና ቁርጭምጭሚቱን ከስፌት መኪናው እግር ጋር ግጥም አድርጌ አሰርኩት። ካውያውን አነሣሁ፤ ለቀቅኩት። እግሩ መኪናውን ጭምር ጎትቶ ሄደ። ጠረጴዛው መታኝ፣ እኔም አንድ እርምጃ ወደፊት ተንገዳገድኩ፣ ካውያው የእኔን የእግር አውራ ጣት አገኘው።

ጩኸቴ በረንዳው ድረስ ተሰምቷል። እናቴ በሩን በርግዳ ስትገባ እኔ እግሬን ይዤ ወለሉ ላይ ነኝ፣ ወንድሜ ደግሞ ከመኪናው ጋር ታስሮ ቆሟል።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«ልኬት እየወሰደችልኝ ነው» አለ ወንድሜ።

እናቴ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያለውን ሜትር አየች፣ ካውያውን አየች፣ እኔን አየች። «ለካልሲ?» አለች።

አጥንቱ ተሰብሮ ነበር። ወጌሻው መጥቶ ጣቴን ጠቀለለልኝ። ከበረንዳው ሳይቀር ጠያቂ መጣልኝ፤ ጉልበቱ በክራንቹ እያነከሰ ሁለት ጠርሙስ ብርቱካን ይዞልኝ መጣ፣ ትከሻው በደህናው እጁ ትራሴን አስተካከለልኝ። ወንድሜ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያበጠውን ጣቴን ሲያይ ቆየና «ታድለሽ» አለኝ።

ካወራሁ አይቀር ስለ አንድ የጄሶ ባለሙያም ልናገር። ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ የሚኖር፣ ለሀብታም ቤት ኮርኒስ በጄሶ የሚያስጌጥ ሰው ነበር። ያልተቀደደ ሱሪ እያመጣ «ጣፊልኝ» ይለኝ ነበር። «የቱ ጋ ነው የተቀደደው?» ስለው «እሱን አንቺ ታውቂያለሽ ብዬ ነው» ይላል። ቆሞ ቀር ለምትባል ሴት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በኋላ አግብቶኛል፤ ነፍሱን ይማረው። ያን ጊዜ ግን ገና ሱሪ አመላላሽ ነበር። ሊጠይቀኝ ሲመጣ የወንድሜን ነገር ዘርግፌ ነገርኩት።

«ለዚህ ነው ጣትሽን የሰበርሽው?» አለ። «ጄሶ እኮ ጄሶ ነው። ኮርኒስ ላይም ሆነ ክንድ ላይ ይይዛል።»

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሠራተኞቹ ሲወጡ፣ ጄሶ የሚሠራበት ቦታ ወስዶ አደረገለት። ቀኝ እጁን ከመዳፉ እስከ ክርኑ በላይ በጨርቅ ጠቀለለ፣ ጄሶውን በጥብጦ ለበጠው፣ በመለሰኛው ብረት አለሰለሰው። እኔ እያነከስኩ ሄጄ አጠገባቸው ተቀምጫለሁ። የሚያሳዝን የሚያምር እጅ ሆነ። ጨረሰ ስንል ግን ራቅ ብሎ አየውና ከንፈሩን ነከሰ። «ጠርዙ ራቁቱን ሆነ» አለ። ቅርጽ ማውጫውን አምጥቶ ክንዱን ዙሪያውን በወይን ቅጠልና በወይን ዘለላ ከበበው።

«የየት አገር ሐኪም ነው ቅጠል የሚሠራው?» አልኩት።

«ቢያምር ምን ክፋት አለው? ልጁ ተጫዋች ነው፤ ሰው ያየዋል።»

ከደረጃ ላይ ወደቀ ብለን አወራን። አሠልጣኙ ፊሽካውን ከአፉ አወጣ፤ እንዲያ ሲያደርግ ያየው ሰው የለም። በረንዳው ላይ ወንበር ተጨመረ። ካርታው ታደለ። ማታ ወንድሜ እየሮጠ ቤት ገባና ጄሶውን እያውለበለበ «እትዬ! እትዬ! ዛሬ ክርኑ አሉኝ!» አለ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች እንዴት ያሉ ነበሩ። ይተኛል፣ ጠዋት ፀሐይ ፊቱ ላይ ወጥታበትም አይነቃ። እናቴ በማንኪያ ታጎርሰዋለች፤ ግራ እጁ ደህና መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፣ ግን ማንም አይናገርም። የረገፈው ፀጉሩ እንደ ጫጩት ላባ ብቅ ብቅ አለ። እኔ ስሰፋ መጥቶ አጠገቤ ይቀመጥና ያፏጫል። ማፏጨት መቻሉን አላውቅም ነበር። አባቴም ደስ ብሎት ነበር፤ ለሰዎቹ «ልጄ ተሰብሮ ነው እንጂ…» እያለ ኖራውን ሲያሰምር ድምፁ ቀና ያለ ነው።

ሳይዘልቅ ቀረ። አንድ ጤነኛ ወጣት ተጫዋች ቅጠሉን አየና ወንድሜን ወደ ጥግ ወሰደው። ወንድሜ መዋሸት አይችልም። በማግስቱ ልጁ ጄሶ ባለሙያው ደጃፍ ላይ ተገኘ። «ለእኔም እግሬ ላይ አድርግልኝ። ግን ቅጠል አልፈልግም፤ አንበሳ ይሁንልኝ።» ቀጥሎ ጥንድ ሆነው የሚጫወቱ ሁለት ወንድማማቾች መጡ፤ እነሱ የፈለጉት የሚመሳሰል ነው። ከዚያ በቃ። ለካ ሁሉም ከየሽንት ቤቱ ጀርባ ሲያስመልሰው የኖረ ነው፤ እርስ በርስ ተደባብቀው ኖረዋል። በረንዳው ሞልቶ ከስብሰባ አዳራሹ አግዳሚ ወንበር ተጎተተ። የወደፊት ባሌ የሀብታሞቹን ኮርኒስ ትቶ እግርና እጅ ሲለብጥ ይውል ጀመር።

የክለቡ ሊቀ መንበር ሊጎበኝ መጣ። ነጭ ጫማ የሚያደርግ፣ ሱሪውን በማንጠልጠያ የያዘ፣ ሲናገር አዳራሽ ባይኖርም አዳራሽ ያለ የሚመስለው ሰው ነው። «ወረርሽኝ ነው እንዴ?» እያለ ወንበር ለወንበር ሲያልፍ ወንድሜ ጋ ደረሰና ቆመ። ጎንበስ ብሎ ክንዱን አየ። «ይሄ የእኔ ሳሎን ኮርኒስ ነው» አለ።

ወገቡ እጁ ላይ ያለችውን ካርታ ጣላት።

«አዎ! ይሄው ወይኑ፣ ይሄው ቅጠሉ! ሆስፒታሎቹ ሳያስፈቅዱኝ ከሳሎኔ ገለበጡ!» አለ ሊቀ መንበሩ። ተቆጥቶ ሄደ፤ ስንትና ስንት ቀን ሆስፒታል ለሆስፒታል ሲዞር ባጀ አሉ።

ውድድሩ ደረሰ። አሠልጣኙ በረንዳው ፊት ቆሞ የተሰበረ እግር፣ የተሰበረ እግር፣ የተሰበረ እግር አየ። በመጨረሻ ወንድሜን አየ።

«ክርኑ፣ አንተ እግር አለህ።»

«አለኝ፣ ጋሼ፤ ግን እጄ…»

«ግራው ተጎድቷል?»

ወንድሜ ግራ እጁን እንዳዲስ አየው። «አልተጎዳም» አለ። ቤት ሲመጣ ያለን ነገር ቢኖር «ሁለቱንም ማስለበጥ ነበረብኝ» ነው።

የመጀመሪያው ቀን ግን አልከፋም። በግራ እጁ፣ ቀኙ በጄሶ ታጥፎ ደረቱ ላይ ሆኖ ወጣ። ኳሷን ራኬቱ ላይ አስቀምጦ ወደ ላይ ይልካትና ይመታታል። አንዷን የእኔ አንሶላ ላይ አሳረፋት፤ ሕዝቡ አጨበጨበለት! ማንም ምንም አልጠበቀበትማ። ሲስት «ጀግና!» ይሉታል። ሲሳቅ ሰማሁት፤ ሜዳ ላይ ሆኖ ሲስቅ ከልጅነቱ ወዲህ የሰማሁት ያኔ ነው። ያመረረው ተጋጣሚው ነው። አስቡት እንግዲህ፤ እጁ የተሰበረን ሰው ቢያሸንፍ ነውር ነው፣ እጁ የተሰበረ ሰው ቢያሸንፈው ደግሞ አገር ለቆ መሄድ ነው። ኳሷን ቀስ አድርጎ ይመልሳል፣ ሕዝቡ «ናቀው!» ይላል። ጠንከር አድርጎ ይመታል፣ «ጨካኝ!» ይላል። ላቡ ይንቆረቆራል። በመጨረሻ ጎኑን ይዞ «ተጎዳሁ» አለና ወጣ። ወንድሜ በፎርፌ አለፈ። ሁለተኛው ተጋጣሚ ለማሟሟቂያ እንኳን አልወጣም፤ ጠዋት ሲነሣ አንገቱ አልዞር አለው ተባለ። እንዲህ እንዲህ እያለ ወንድሜ አንድም ጨዋታ በኳስ ሳያሸንፍ ፍጻሜ ገባ።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ። «የጄሶው ጀግና» አሉት። በሬዲዮ ተወራ። ፀጉር አስተካካዩ ፍጻሜውን ሊያይ ሱቁን ዘጋ። ቲማቲም ሻጯ በደጃችን ስታልፍ ግድግዳችንን ትስማለች። ሊቀ መንበሩ የሆስፒታሉን ነገር ትቶ ዋንጫው የሚቀመጥበት መደርደሪያ አሠራ። ወንድሜ ቀድሞ የተሸከመው ከዚህ ጋር ሲተያይ ምንም አልነበረም። አሁን ያገር ሰው ጭምር ነው የወጣበት። የፍጻሜው ዕለት ጠዋት ከሽንት ቤቱ ጀርባ ሆኖ ሲያስመልሰው ግንባሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ፀጉሩ እንደገና እጄ ላይ ቀረ። «ተጎድቼም አላረፍኩም እኮ፣ እትዬ» አለኝ። «ከዚህ በላይ የት ልሸሽ?»

ሜዳው ዙሪያ ሰው በሰው ነው። ተጋጣሚው ረጅም፣ ዓይኑን የማያርገበግብ፣ ማንም ምንም ቢለው የማይሰማ ሰው ነበር። ሁለት ሦስት ነጥብ አገባ። ወንድሜ ሊመታ ተራው ደረሰና መስመሩ ላይ ቆመ፤ ኳሷን ራኬቱ ላይ አስቀመጠ፣ ግን አልላካትም። ቆመ። ኳሷ ራሷ ተንከባልላ ወደቀች። «አይዞህ!» አለ አንዱ። «አይዞህ! አይዞህ!» አለ ሜዳው ሁሉ።

ወንድሜ ራኬቱን መሬት ላይ አጋደመ። ወደ መረቡ ሄደ፣ ቀኝ ክንዱን አነሣና የመረቡ ብረት ላይ መታው። ደገመው። ጄሶው ተሰንጥቆ ቅጠሉም ወይኑም ረገፈ። ነጭ ዱቄት የለበሰ ጤነኛ እጅ ወጣ። ጣቶቹን ዘረጋ፣ አጠፈ፣ ለሁሉም አሳየ። «ይኸው!» አለ። «ደህና ነኝ! ድሮም ደህና ነበርኩ! ዋሽቻችሁ ነው!»

ከዚያ ቲማቲም ሻጯ «ዳነ!» ብላ ጮኸች። «ዳነ! ዳነ!» ሆነ። ሰው ከሰው ተቃቀፈ። ሊቀ መንበሩ አለቀሰ። ሁለት ሰዎች ከመቀመጫቸው እየዘለሉ የረገፈውን ጄሶ ሊለቅሙ ሜዳ ገቡ። አሠልጣኙ የድሮ ራኬቱን ይዞ እየሮጠ መጣ። «በል በቀኝህ! በቀኝህማ ማን ይችልሃል!»

«አልጫወትም» አለ ወንድሜ።

ዳኛው ከረጅሙ ወንበሩ ላይ ሆኖ ቁልቁል አየው። «ጉዳት አለብህ?»

«የለብኝም።»

«እንግዲያው ወደ ቦታህ።»

«አልፈልግም።»

ዳኛው ይህን ቃል ከተጫዋች ሰምቶ አያውቅም መሰል፣ ይበልጥ ጎንበስ አለ። «የቱ ጋ ነው የማትፈልገው?»

«ሁሉም ጋ።»

ዳኛው ወጌሻውን ጠራ። ወጌሻው ሣጥኑን ተሸክሞ መጥቶ ተንበረከከና ከቁርጭምጭሚቱ ጀመረ። «እዚህ ጋ አትፈልግም? እዚህስ? ስጫነው ነው ወይስ ስለቀው?» ወንድሜ ቆሞ ዕንባው ዝም ብሎ ይወርዳል። ሰዉ «አይዞህ» ይላል።

ያን ጊዜ አባቴ ከሜዳው ጥግ ተነሥቶ መጣ። ባርኔጣውን አውልቋል። እኔ ሊመታው ነው ብዬ ነበር። አባቴ በሰው ፊት የሚናገር ሰው አይደለም። ከወንድሜ ፊት ቆመና ወጌሻውን በእጁ ገለል አደረገው።

«ምን ሆንክ፣ ልጄ?»

«ደከመኝ፣ አባባ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ወንድሜ አሰበ። «ከጣውላው ጀምሮ» አለ።

አባቴ አንገቱን ደፋ። አሠልጣኙ «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይምከሩት፣ የእርስዎን ቃል አያልፍም» አለው። አባቴ ዞሮ ወደ ጥጉ ሄደ፣ የውኃውን ቧንቧ ከፈተ፣ ጎማውን ይዞ ተመለሰና ሜዳውን ማጠጣት ጀመረ። በፍጻሜው ግጥሚያ መካከል፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ እንደ ሁልጊዜው ከመስመሩ ጀምሮ ቀስ እያለ።

«ምን ማድረግዎ ነው!» አለ ዳኛው።

«ሜዳው ደርቋል።»

«ሜዳው አልደረቀም!»

«ደርቋል አልኩ እኮ። ሲደርቅ ይጠጣል፤ ሲጠጣ አይጫወቱበትም።»

ሊቀ መንበሩ በነጭ ጫማው ሊያስቆመው ሲሮጥ ገብቶ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቀይ ጭቃ ዋጠው። ረጅሙ ተጋጣሚ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አርገበገበ። ዳኛው ከወንበሩ መውረድ አቃተው፤ ዙሪያውን ውኃ ተኝቶበት እዚያው ማማ ላይ ሆኖ «ፎርፌ! ፎርፌ!» ይላል፣ የሚሰማው የለም። የበረንዳው ልጆች ጄሷቸው እንዳይርስ እግራቸውን እያነሡ ይስቃሉ። አባቴ ግን ጥግ ድረስ አጠጥቶ ጨረሰ፣ ጎማውን ጠቀለለ፣ ወንድሜን ትከሻውን ይዞ በጓሮው በር ወደ ቤት አስገባው።

በዚያ ቀን ራት ላይ ማንም ነገሩን አላነሣም። ወንድሜ አንድ ጊዜ ብቻ «አሳፈርኩህ፣ አባባ?» አለ። አባቴ ዳቦውን ከሁለት ቆርሶ ትልቁን ወደ እሱ ገፋና «ብላ» አለው። ማንኪያው አልተንቀጠቀጠም።

አባቴን ክለቡ አሰናበተው። ያን ያህል አልከፋውም፤ ጎኑን ለፀሐይ ሰጥቶ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ይውል ነበር። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሞተ፣ እናቴም ተከተለችው። እኔ የጄሶ ባለሙያውን አገባሁ። ወንድሜ ግን ከሰፈር ሰው ዓይን መውጣት ፈለገ። አንዳንዱ በመንገድ ያስቆመውና «ያን ጊዜ በቀኝህ ብትጫወት ኖሮ…» ይለው ነበር። በዚያው ዓመት ክረምቱ ሲገባ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ሄደ። ሲሄድ አቅፎኝ ቆየ፤ ከቤት የወሰደው ሁለት ሸሚዝና ብርድ ልብስ ነው። አንዳንድ ጊዜ ስልክ ይደውል ነበር፤ ስለ አየሩ፣ ስለ ሆዱ መወፈር፣ ስለ አንዲት እየመጣች እግሩ ላይ ስለምትተኛ ድመት ያወራኛል። ምን እንደሚሠራ ስጠይቀው «ምስማር እመዝናለሁ» ይለኛል። ድምፁ የተኛ ሰው ድምፅ ነው፤ በደንብ የተኛ። ከዚያ ስልኩም ቀረ፤ ቁጥሩን ስደውል ሌላ ሰው ያነሣል።

በመጨረሻ ያየው አማቼ፣ ሹፌር የሆነው የባሌ ወንድም ነው። ወንድሜ በዚያን ጊዜ በአንድ ሐይቅ ዳር ባለች የጀልባ መቆሚያ ከተማ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣ በምስማርና በቀለም መሸጫ ሱቅ ውስጥ ይሠራ ነበር። የሚኖረው ከሱቁ በላይ ባለችው ክፍል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያየው ሰው አላገኘሁም።